ኢሚዩኒቲ ስንት ኪሎ ይመዘንልዎ?

ዛሬ ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ እስከ ጉልት ድረስ የማይታጣ ሸቀጥ ቢኖር ኢሚዩኒቲ ነው። የቫይታሚን ሲ እንክብል ኢሚዩኒቲ ይጨምራል። የሽፈራው ቅጠል ዱቄት ይጨምራል። ጥቁር አዝሙድ በማር፣ ነጭ ሽንኩርት በሎሚ፣ ፌጦ፣ ዝንጅብል፣ ዘመድ ከዱባይ በሻንጣ ያመጣው ባለወርቃማ ክዳን ብልቃጥ፣ ሁሉም ይጨምራል። የሚገርመው ግን እዚያው መድኃኒት ቤት፣ ከባንኮኒው ኋላ፣ በሐኪም ወረቀት ከሚሰጡት መድኃኒቶች ውስጥ ይህንኑ አቅም የሚቀንሱ መኖራቸው ነው፤ ፕሬድኒሶሎን፣ ዴክሳሜታዞን፣ ሜቶትሬክሴት፣ አዛታዮፕሪን። በአንድ ጣሪያ ሥር አንዱ ሊያስጨምር፣ ሌላው ሊያስቀንስ ይከፍላል። የሚያስቀንሰው ሞኝ ነው እንዴ?

ሞኝ አይደለም። የሞኝነቱ ምንጭ ሌላ ነው፤ ሁላችንም የተስማማንበት አንድ እምነት ነው። በሰውነታችን ውስጥ «በሽታን የመከላከል አቅም» የሚባል አንድ ነገር አለ፤ እንደ በርሜል ውሃ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ከፍ ሲል ጤነኞች ነን፣ ዝቅ ሲል እንታመማለን፤ ስለዚህ መሙላት ነው። ይህን የተማረውም ያልተማረውም ይለዋል፤ በቴሌቪዥን የሚቀርበው የጤና አማካሪም ይለዋል። የምከራከረው ከዝንጅብል ጋር አይደለም፤ ዝንጅብል በሻይ እወዳለሁ። የምከራከረው ከበርሜሉ ጋር ነው። በርሜሉ የለም። ደግሞም «ይጨመርልኝ» የሚለው ጸሎት ቃል በቃል ቢሰማልን ብዙዎቻችን ከአልጋ አንነሳም ነበር።

እምነቱ የአያቶቻችን ጥበብ ነው የሚል ይኖራል። አይደለም፤ አያቶቻችን ከዚህ የተሻለ ያውቁ ነበር። ዳማከሴ ለምች፣ ኮሶ ለኮሶ ትል፣ ጤና አዳም ለሆድ ቁርጠት ነው ያሉት። እያንዳንዱ ቅጠል የራሱ በሽታ ነበረው። መድኃኒቱ ሠራ አልሠራ ሌላ ጉዳይ ነው፤ «ለሁሉም ነገር፣ በጅምላ፣ አቅም ይጨምራል» የሚለው ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ወሬ ነው። ወሬውን ካስፋፉት ሁሉ ስመ ጥሩ ሊነስ ፓውሊንግ ነው። ሰውዬው በእርግጥ ታላቅ ኬሚስት ነበር፤ ሁለት ጊዜ ኖቤል ተሸልሟል፣ በ1954 እና በ1962 እ.ኤ.አ.። በ1970 ግን ቫይታሚን ሲ በብዛት መውሰድ ጉንፋንን እንደሚከላከል የሚሰብክ መጽሐፍ አወጣ፤ ዓለምም ወደ እንክብል ሸመታ ጎረፈ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ሺሕ ሰዎች ላይ ሙከራ ተደርጓል። በየቀኑ የሚውጠውም የማይውጠውም በጉንፋን የሚያዘው እኩል ያህል ነው፤ የሚውጠው ምናልባት ጥቂት ቀደም ብሎ ይሻለዋል። ይኸው ነው ትርፉ። ንግዱ ግን ውጤቱን አልሰማም።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአዲስ አበባ መገኘቱ ሲነገር የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ዋጋ እንዴት እንደተተኮሰ የማያስታውስ የለም። ያኔ ሁሉም ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ አቅሜን እንዴት ላሳድግ? መጠየቅ የነበረበት ግን «የምን አቅም? ለየትኛው በሽታ? በምን መጠን? መቼስ ይቆማል?» የሚለው ነበር። አራቱም ጥያቄዎች በበርሜሉ ውስጥ ቦታ የላቸውም።

ከመጀመሪያው ጥያቄ ልጀምር። በሰሜን አትላንቲክ ፋሮ የሚባሉ በዴንማርክ ሥር ያሉ ደሴቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1846 ኩፍኝ ገባባቸውና ከስምንት ሺሕ ከማይሞሉት ነዋሪዎች ስድስት ሺሕ ያህሉ ታመሙ። ፔተር ፓኑም የተባለ ወጣት ሐኪም ከዴንማርክ ተልኮ መንደር ለመንደር እየዞረ መዘገበ። ኩፍኝ በደሴቶቹ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1781 ነበር፤ ከ65 ዓመት በፊት ማለት ነው። ያኔ በልጅነታቸው ታመው ከተረፉት፣ አሁን ካረጁት ሰዎች መካከል ዳግመኛ የተያዘ ፓኑም አላገኘም። በ1781 በሽታው ያመለጣቸው እኩዮቻቸው ግን ከጎረምሶቹ ጋር አብረው ተኙ። እንግዲህ ይህን በበርሜል አስረዱኝ። የሰባ ዓመት አዛውንት አቅማቸው ከሃያ ዓመት ዓሣ አጥማጅ በልጦ ነው? በኩፍኝ በኩል አዎ፣ ይበልጣል። በሳንባ ምች በኩል ግን ያው አዛውንት ናቸው። አንድ ሰው፣ በአንድ ቀን፣ ለአንዱ በሽታ የማይበገር፣ ለሌላው የተጋለጠ ነው።

ምክንያቱ በሕዋሶቻችን አሠራር ላይ ነው። ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት እያንዳንዳቸው በገጻቸው ላይ የሚይዙት መለያ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም። ያ መለያ የሚሠራው ደግሞ የዘረ መል ቁርጥራጮች እንደ ዕድል ተቀላቅለው ነው። ይህን ያሳየው ጃፓናዊው ሱሱሙ ቶኔጋዋ በ1987 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልሞበታል። ስለዚህ ገና ያልተፈጠረ ቫይረስን እንኳ ሊያውቅ የሚችል ሕዋስ አሁን በደማችን ውስጥ ሊዞር ይችላል፤ ቁጥሩ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ቫይረሱ ሲመጣ ያ ጥቂት ሕዋስ ተመርጦ ይራባል፤ መራባቱ ቀናት ይፈጃል፤ ለዚህ ነው አዲስ በሽታ ሳምንት ያህል የሚያንገላታን። ከዳንን በኋላ ከተራቡት የተወሰኑት ቀርተው ያስታውሳሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ጨመረ የሚባል ጠቅላላ ነገር የለም። የተመረጠ አለ።

የዕድሉ ነገር ግን ዋጋ አለው። እንደ ዕድል የተሠራ መለያ የጠላትን ገጽ ሊያውቅ እንደሚችል ሁሉ የራስን ልብ፣ የራስን ቆሽት፣ የራስን ነርቭም ሊያውቅ ይችላል። ስለዚህ ከሊምፎሳይቶቹ መካከል ቲ ሕዋሳት የሚባሉት ከደረት አጥንት ኋላ ባለችው ታይመስ በምትባል እጢ ውስጥ ይፈተናሉ፤ እጅግ የሚበዙት ፈተናውን ወድቀው እዚያው ይሞታሉ። ትምህርት ቤት ነጭ የደም ሕዋስ ወታደር ነው ብለው አስተምረውናል። ከመለመለው ወታደር አብዛኛውን ከሰፈሩ ሳያስወጣ የሚገድል ሠራዊት የቱ ነው? ተፈጥሮ በዚህ ሥራ ላይ ይህን ያህል የምትደክመው ከጉድለቱ እኩል ትርፉን ስለምትፈራ ነው።

ትርፉ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። የልብ ሐኪሞቻችን በየቀኑ ያዩታል። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ጉሮሮዋን ታመመች እንበል፤ «ቶንሲል ነው» ተባለ። አምጪው ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ሰውነቷ በደንብ ተዋጋ፤ በጥቂት ቀን ዳነች፤ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰች። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቷ አበጠ፣ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቷ፣ ቀጥሎ ክርኗ፤ ትኩሳት መጣ። የባክቴሪያው ሽፋን ከልብ ፕሮቲኖች ጋር የሚመሳሰል ቁራጭ አለው፤ ባክቴሪያውን ለመምታት የተራቡት ሕዋሳትና የሚያመነጯቸው አንቲቦዲዎች ልቧን ጠላት አደረጉት። ልቧ ውስጥ ባክቴሪያው የለም። ብትፈልጉት አታገኙትም። ያለው የራሷ መከላከያ ነው፤ የልቧን ቫልቭ እያቆሰለ፣ ጉሮሮዋ በታመመ ቁጥር እየደጋገመ። ከዓመታት በኋላ አድጋ፣ አግብታ፣ በመጀመሪያ እርግዝናዋ ደረጃ መውጣት ሲያቅታት ቫልቯ ጠብቦ ይገኛል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የልብ ማዕከል ደጃፍ ወረፋ ከሚጠብቁት መካከል በዚህ መንገድ የመጡ አሉ።

የዚህች ልጅ ኢሚዩኒቲ ዝቅ ብሎ ነበር? ያድናት የነበረው በጊዜ የተወሰደ ፔኒሲሊን ነው፤ ጉሮሮ ከታመመ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሕክምናው ከተጀመረ ሩማቲክ ትኩሳት የሚባለውን ይህን ሕመም መከላከል ይቻላል። አንዴ ልብ ከተነካ በኋላም የሚሰጠው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ፣ ለዓመታት፣ የሚያም የፔኒሲሊን መርፌ ነው። መርፌው መከላከያዋን አያሳድግም። ሥራው ስትሬፕቶኮከስ ዳግም እንዳይመጣና መከላከያዋ እንዳይቆጣ ማድረግ ነው። በብዙ ቤት ግን በእነዚያ ዘጠኝ ቀኖች ውስጥ የሚደረገው ሌላ ነው፤ አንዱ እንጥል ያስቆርጣል፣ ሌላው ማርና ነጭ ሽንኩርት ግቶ «አቅሟ ይመለሳል» ብሎ ይጠብቃል። የመጀመሪያውን ጎጂ ልማድ ብለን እናወግዛለን። ሁለተኛውን የጤና ምክር እንለዋለን።

ከልብም ይልቅ ነገሩን ገላልጦ የሚያሳየው የሥጋ ደዌ ነው። ይህ የሌላ ሰው እውቀት አይደለም፤ በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር ያለው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965፣ በዚያው ግቢ ያለው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋምም በ1970 የተመሠረቱት ይህን በሽታ ለማከምና ለማጥናት ነው። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ዘገምተኛ ነው፤ አንዴ ለመራባት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ ከብዙ ባክቴሪያዎች ጋር ሲነጻጸር በራሱ የሚያደርሰው መርዝም ትንሽ ነው። በሽታው ምን መልክ እንደሚይዝ በዋናነት የሚወስነው የታማሚው ሰውነት ነው። በአንደኛው ጫፍ ያለ ታማሚ ቲ ሕዋሳቱ ባክቴሪያውን ችላ ይሉታል፤ ቆዳው በባክቴሪያ ይሞላል። በሌላኛው ጫፍ ያለው ደግሞ ቲ ሕዋሳቱ ባክቴሪያውን አሳደው ስለሚያጠፉ ከቆዳው ተቆርሶ በማይክሮስኮፕ ቢፈተሽ ምናልባት አንድም አይገኝ፤ ነርቩ ግን በዚያው ውጊያ ተበልቷል።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ባክቴሪያ የሞላው የመጀመሪያው ታማሚ በደሙ ውስጥ ባክቴሪያውን የሚያውቁ አንቲቦዲዎች በብዛት አሉት። የማይጠቅሙት ባክቴሪያው ሕዋስ ውስጥ ስለሚደበቅ ነው። ታዲያ የዚህ ሰው «አቅም» ከፍተኛ ነው ወይስ ዝቅተኛ? አንቲቦዲውን ቆጥሮ ከፍተኛ ነው የሚል አይሳሳትም፤ ቲ ሕዋሱን አይቶ ዝቅተኛ ነው የሚልም አይሳሳትም። ጥያቄው ራሱ ነው የተሳሳተው።

ከዚያም የባሰ አለ። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለ ታማሚ መድኃኒት ጀምሮ እየተሻለው ሳለ፣ ወይም መድኃኒት ሳይጀምርም፣ የሰውነቱ ምላሽ በድንገት ሊጨምር ይችላል። እንግዲህ ኢሚዩኒቲ ጨመረ ማለት ይህ ነው፤ በማስታወቂያው ቋንቋ ሳይሆን በእውነት ጨመረ። የቆዳው ምልክት ይቀላል፣ ነርቩ ያብጣል፣ ትናንት ብርጭቆ ይጨብጥ የነበረ እጅ ዛሬ ይዝላል፤ እግር ይጎተታል። ሐኪሙ የሚሮጠው ወደ ፕሬድኒሶሎን ነው፣ ያንን የጨመረ ነገር ለማውረድ። ከዘገየ ጣቱ እንደታጠፈ ይቀራል። ለዘመናት በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስናየው የኖርነው የሥጋ ደዌ ጉዳት ብዙው ነርቭ ከመሞቱ የመጣ ነው፤ ነርቩን ከገደሉት ነገሮች ዋነኛው ደግሞ የራስ መከላከያ ነው።

ቲቢም ዘመዱ ነው። ሮበርት ኮህ የቲቢን ባክቴሪያ ያገኘ ሰው ነው፤ በ1890 እ.ኤ.አ. ደግሞ በርሊን ላይ መድኃኒቱንም አገኘሁ ብሎ ዓለምን አስደሰተ። መድኃኒቱ ቱበርኩሊን ይባላል፤ ከባክቴሪያው የተቀመመ ነው። ታማሚዎች ወደ በርሊን ጎረፉ። መርፌውን የወሰዱት በትኩሳት ተንቀጠቀጡ፣ የታመመው ቦታቸው ተቆጣ፣ የሞቱም ነበሩ። ሐኪሙ ሩዶልፍ ቪርሾ አስከሬን መርምሮ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ የጉዳቱን ዓይነት ይፋ አደረገ። ኮህ ያደረገው በሰውነት ውስጥ የነበረውን የመከላከል ምላሽ መቆስቆስ ነበር፤ ተቆሰቆሰ፣ ሰው ሞተ። ዛሬ ከዚያ መድኃኒት የቀረን በክንድ ቆዳ ውስጥ ተወግቶ ቲቢ መኖር አለመኖሩን የሚጠቁመው ምርመራ ነው። በቲቢ ሳንባ ላይ የሚታየው ጉድጓድም ቢሆን በዋናነት የራሳችን ሕዋሳት የሚረጩት ኢንዛይም ሥራ ነው። ሲዲ ፎር የሚባሉት ቲ ሕዋሳታቸው ቁጥር እጅግ የወረደ የኤችአይቪ ታማሚዎች ቲቢ ሲይዛቸው በኤክስሬይ ላይ ያ ጉድጓድ ብዙም አይታይም። ይህን ስል የሲዲ ፎር መውረድ መልካም ነው ማለቴ አይደለም፤ እነዚህ ሰዎች ፈጥነው የሚሞቱ ናቸው። ጉድጓዱን የሚቆፍረው ማን እንደሆነ ግን ይመሰክራሉ።

መከላከያን በጅምላ መቀስቀስ በዘመናችንም ተሞክሯል። በመጋቢት 2006 እ.ኤ.አ. ለንደን በሚገኘው ኖርዝዊክ ፓርክ ሆስፒታል ውስጥ ስድስት ጤነኛ ጎልማሶች ቲጂኤን1412 የተባለ አዲስ መድኃኒት ተሰጣቸው። መድኃኒቱ ቲ ሕዋሳትን ጠላት ይኑር አይኑር ሳይጠይቅ የሚቀሰቅስ ነበር። መጠኑ በእንስሳት ላይ ጉዳት እንደሌለው ከታየው 500 ጊዜ ያነሰ ነው። በደቂቃዎች ልዩነት ተራ በተራ ወሰዱት፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ ትኩሳት ጀመራቸው፤ ስድስቱም የውስጥ አካሎቻቸው ሥራ አቁመው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ሁሉም ተረፉ፤ አንደኛው ጣቶቹን አጣ። እንግዲህ በማስታወቂያ የሚለፈፍለት ነገር፣ ከነሙሉ ጉልበቱ፣ በሰው ላይ ሲደርስ ይህን ይመስላል። ብልቃጦቻችን እስካሁን ያልጎዱን ከዚህ አንዱንም ስለማያደርጉ ነው፤ በዚህ እንኳ ላመሰግናቸው ፈቃደኛ ነኝ።

ኮሮናም ቢሆን ትምህርቱን ሰጥቶን ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ሪከቨሪ የተባለውን ሰፊ ሙከራ ውጤት አወጡ። ርካሹ ዴክሳሜታዞን በመተንፈሻ ማሽን ላይ ካሉት ታማሚዎች መካከል ሞትን በአንድ ሦስተኛ፣ ኦክስጅን ከሚሰጣቸው መካከል በአንድ አምስተኛ ቀነሰ። ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ግን አልጠቀመም። ይህ ውጤት በርሜሉን ሁለት ጊዜ ይሰብረዋል። አንደኛ፣ የታመመውን ያዳነው መከላከያን የሚያወርድ መድኃኒት ነው። ሁለተኛ፣ ያዳነው በአንድ ወቅት ላይ ላለ ሰው ብቻ ነው፤ ቫይረሱ ገና በሚራባበት ጊዜ መከላከያው ያስፈልጋል፣ በኋላ ሳንባውን የሚያጥለቀልቀው ያው መከላከያ ሲሆን ማስታገስ ያስፈልጋል። ነጭ ሽንኩርት ሲወደድ አብረን የተጋፋነው ሰዎች ይህን ዜና ስንቶቻችን ከቁም ነገር ቆጠርነው?

የሳይንሱ ዓለምም የማስታገሻውን ነገር ለመቀበል ጊዜ ወስዶበታል። ተመራማሪው ሺሞን ሳካጉቺ ሥራቸው ሌሎች ሕዋሳትን ማረጋጋት የሆነ ቲ ሕዋሳት እንዳሉ በ1995 እ.ኤ.አ. ሲያሳይ ብዙ ባልደረቦቹ ተጠራጥረውት ነበር። በ2001 ሜሪ ብራንኮውና ፍሬድ ራምስዴል ፎክስፒ3 የሚባለውን ዘረ መል አገኙ፤ ይህ ዘረ መል የተበላሸባቸው ወንድ ሕፃናት ከመወለዳቸው ብዙም ሳይቆዩ ስኳር በሽታ፣ የማይቆም ተቅማጥና የቆዳ ቁስል ይይዛቸዋል፤ ካልታከሙ አብዛኞቹ በሕፃንነታቸው ይሞታሉ። ሕዋሳቱን የሚያረጋጋ ጠፋ፣ መከላከያቸው ያለ ልጓም ጨመረ፣ ሞቱ። ሦስቱ ሰዎች በ2025 የሕክምና ኖቤል ተሸለሙ። ከእነሱ በፊት፣ በ2018፣ ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ የተሸለሙት ደግሞ ልጓሙን ሆን ብሎ በመፍታት ካንሰርን ማጥቃት እንደሚቻል በማሳየታቸው ነው። ሕክምናው ብዙ ሰው አድኗል። ከሚያስከትለው ጉዳት ግን የአንጀት ብግነት፣ የእንቅርት እጢ መበላሸት፣ አንዳንዴም የልብ ጡንቻ መቆጣት ይገኙበታል። መከላከያን ከፍ ማድረግ የሚችል እውነተኛ መድኃኒት ተገኘ ማለት ነው፤ የሚሰጠውም ሞት ደጃፍ ላይ ላለ ሰው፣ በሐኪም ክትትል፣ ጉዳቱን እየለኩ ነው።

የጅማን ነገር እዚህ ጋ ካላነሳሁ አይሆንልኝም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ገጠሮች የተደረጉ ጥናቶች አስም በከተማው ሰው ላይ እንደሚበዛ አሳዩ፤ ቀጥሎ በ2001 የታተመው ደግሞ መንጠቆ ትል በሆዱ የበዛበት ሰው የሲርሲርታ ዕድሉ አነስ ያለ መሆኑን ዘገበ። የተሰጠው ማብራሪያ ትሉ ለራሱ ደኅንነት ሲል የባለቤቱን መከላከያ ያረጋጋል የሚል ነው። ትል እናርባ ማለቴ አይደለም፤ ትሉ ደም ይመጥጣል፣ ሕፃናትን ያመነምናል። ነገር ግን አስምና አለርጂ መከላከያው ለአቧራ፣ ለአበባ ብናኝ፣ ለኦቾሎኒ አለቅጥ ሲነሳ የሚመጡ ናቸው። በአስም የሚሰቃይን ልጅ «ኢሚዩኒቲውን አሳድጉለት» ብሎ መምከር በእሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ እንደሆነ የሚነግረን አጣን።

አሁን ወደ ተቃዋሚዬ ጠንካራ ክርክር ልምጣ። ኤችአይቪስ? ሲዲ ፎር ሲወርድ ሰው እንደሚሞት፣ ሲወጣ እንደሚድን በገዛ ሰፈራችን አላየንም? አይተናል። መከላከያ መጉደሉ ገዳይ መሆኑን የካድኩበት ቦታ የለም። ያዳነው ግን ምን እንደሆነ እናስታውስ። ሰውን ያነሳው ማር፣ ጥቁር አዝሙድና አቅም ገንቢ ዱቄት አልነበረም፤ ያንን ሁሉ ሰው ሞክሮት ሞቷል። ያነሳው ቫይረሱን የሚያስቆመው መድኃኒት ነው። ደግሞም ያው መድኃኒት ሲጀመርና ሲዲ ፎር ማንሰራራት ሲጀምር ተደብቆ የነበረ ቲቢ በድንገት የሚነሳበት፣ እጢ የሚያብጥበት፣ ታማሚው ከበፊቱ የሚብስበት ጊዜ አለ። ሐኪሞች ይህን አውቀው፣ የአንጎል ሽፋን ቲቢ ላለበት ሰው የኤችአይቪውን መድኃኒት ሆን ብለው ያዘገያሉ። የመከላከያው መመለስ ራሱ ጊዜውን ካልጠበቀ ይገድላልና።

ረኃብስ? ይህም እውነት ነው። ፕሮቲን ያጣ፣ ዚንክና ቫይታሚን ኤ የጎደለው ሕፃን በተቅማጥና በኩፍኝ ይረግፋል። ለዚህ ልጅ ምግብ መድኃኒት ነው፤ የጎደለውን መመለስ ነውና። ጠግቦ ላደረ ሰው ግን ከጎደለው በላይ መጨመር የተለየ ነገር ነው፤ የደም ማነስ ለያዘው ብረት ያድነዋል፣ ብረት ላልጎደለው ግን ብዛቱ ጉበቱን ይጎዳዋል። ንግዱ የተራበውን ልጅ እውነት ተበድሮ ለጠገበው ይሸጣል። የተራበው ልጅ እናት ደግሞ ያንን ብልቃጥ የምትገዛበት ገንዘብ የላትም።

ክትባትስ አቅም መጨመር አይደለም? ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። ክትባት የፓኑም አዛውንቶች ያገኙትን ነገር ሳይታመሙ መስጠት ነው። የፖሊዮ ክትባት ከፖሊዮ ይጠብቃል፤ ከኩፍኝ አይጠብቅም። ስሙ የሚታወቅ በሽታ፣ የሚታወቅ መጠን፣ የሚታወቅ ቀጠሮ አለው። ለአራቱም ጥያቄዎቼ መልስ ይሰጣል። «በጅምላ አቅም ይጨምራል» የሚል ክትባት ቢመጣ የመጀመሪያው ተቃዋሚ እኔ ነኝ።

«እሺ፣ ምን ይጎዳል? ዝንጅብል ሰው አይገድልም» የሚለው ቀርቷል። የሚጎዳው እምነቱ ነው። በርሜል አለ ብሎ ያመነ ሰው የታመመውን «ሳትሞላ ቀርተህ ነው» ይለዋል፤ አልበላህም፣ አልተጠነቀቅህም፣ ሰነፍህ። የልብ ቫልቯ የቆሰለው ልጅ ይህን ወቀሳ በምን ዕዳዋ ትሸከማለች? መከላከያዋ የሠራው ከበቂ በላይ ነው። ሉፐስ የያዛት ሴትም አለች፤ መከላከያዋ ኩላሊቷንና መገጣጠሚያዋን እየበላ ነው፤ ጎረቤቷ እትዬ እገሊት በፍቅር «ይሄ መድኃኒት አቅም ይገድላል፣ ተይውና ይህን ቅጠል ጠጪ» ይሏታል። እሷም ፕሬድኒሶሎኑን ታቆማለች። ለወራት የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን በድንገት ሲቆም ሕመሙ ብቻ አይደለም የሚመለሰው፤ ከኩላሊት በላይ ያሉት እጢዎች የራሳቸውን ሆርሞን መሥራት ረስተው ስለቆዩ የደም ግፊቷ ወርዶ ልትወድቅ ትችላለች። እትዬ እገሊት ክፉ ሰው አይደሉም። ቴሌቪዥን ያያሉ።

ሌላው «ልጄ ጤነኛ ነው፣ ጡት ጠግቦ ያደገ ነው፣ አቅሙ ሙሉ ነው፣ ክትባት ምን ያደርግለታል» የሚለው ወላጅ ነው። በርሜሉ እዚህ ላይ ነው በጣም የሚከፋብኝ። በእርግጥ የመከላከያን ትዝታ በጅምላ የሚያጠፋ በሽታ አለ፤ እሱም ኩፍኝ ነው። ቫይረሱ የሚራባው በእነዚያው በሚያስታውሱት ሕዋሳት ውስጥ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ክትባት ያልወሰዱ ሕፃናትን ደም ኩፍኝ ከመያዛቸው በፊትና ከተያዙ በኋላ አነጻጽሮ፣ ለሌሎች በሽታዎች ከነበሯቸው የአንቲቦዲ ዓይነቶች ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆነው መጥፋቱን አሳይቷል። ልጁ ከኩፍኙ ይድናል፤ ቀድሞ አሸንፎት የነበረውን የሳንባ ምች፣ ቀድሞ ያለፈውን ተቅማጥ ግን እንደገና ከሀ ሊጀምር ይችላል፤ ይህም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። የሚከላከለው የኩፍኝ ክትባት ነው፤ በአገራችን በዘጠኝ ወር አንድ ጊዜ፣ በአሥራ አምስት ወር ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ፣ በጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። ለሁለተኛው ቀጠሮ የሚመጣው ልጅ ለመጀመሪያው ከሚመጣው ያንሳል።